መጀመሪያ ዶቃ

የሸክላ ጌጥ ልማር ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወጣው ስልኩን ነው። ፎቶ ያሳየኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጉትቻ ነው፤ ረዘም ያለ፣ የሚወዛወዝ፣ አበባ የተቀረጸበት። «እኔ ይቺን ነው የምፈልገው» ትላለች። እኔ ደግሞ አንድ እፍኝ ጭቃ ከላስቲክ ውስጥ ቆርሼ እሰጣትና ዶቃ አድቦልቡይ እላታለሁ። ፊቷ ሲቀያየር ይታየኛል። ዶቃማ የልጅ ሥራ ነው። ክረምት ላይ ደጅ የተጫወተ ልጅ ሁሉ አድቦልቡሎታል። ለዚህ ብላ አይደለም ቅዳሜዋን መሥዋዕት ያደረገችው።

እዚህ ደብረ ብርሃን ጀማሪ ማስተማር ከያዝኩ ወዲህ ግን ከዚህ ሥርዓት ፈቀቅ ብዬ አላውቅም። መጀመሪያ ዶቃ ነው። ጉትቻው የትም አይሄድም። አንደኛ ነገር፣ ዶቃ ቢሰበር አያስለቅስም። አንድ ጥንድ ጉትቻ ላይ ግማሽ ቀን የደከመች ልጅ እሳት ውስጥ ሲፈነዳባት በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ሃያ ዶቃ ሠርታ ስድስቱ የተሰበረባት ግን አሥራ አራቱን ይዛ እየሳቀች ነው የምትሄደው። ሁለተኛ ነገር፣ ጭቃ የሚያስተምረው ሁሉ ዶቃ ውስጥ አለ። የውሃው ልክ፣ ውፍረቱ፣ ቀዳዳው፣ አደራረቁ፣ እሳቱ። ጉትቻ ላይ ሲደርሱ አዲስ የሚጨመርባቸው ነገር ቢኖር ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው። እሱም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው፣ ግን ይለመዳል።

ከአፈሩ ልጀምር። አንዳንዱ ተማሪ «አፈር ምን ችግር አለ፣ ሜዳው ሁሉ አፈር አይደል?» ይለኛል። ሞልቷል፣ እውነት ነው። ግን እኛ ሜዳ ላይ የሞላው ዋልካ ነው። ዋልካን በሐምሌ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ጫማ ያስቀራል። በጥር ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለጌጥ የማይሆነውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከዋልካ ብቻ የተሠራ ዶቃ እሳት ሳያይ፣ ገና መደርደሪያ ላይ እያለ ለሁለት ይከፈላል። ሸክላ ሠሪዎቹ አፈር የሚያወጡት ከሌላ ቦታ ነው። የትኛው ቦታ እንደሆነ ብትጠይቋቸው ወሬ ይቀይራሉ። ደግ አደረጉ። እኔ አፈሩን ከእነሱ እገዛለሁ፣ ቦታውንም ጠይቄ አላውቅም።

አፈሩ ይሁን አይሁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ትንሽ አርጥቦ እንደ እርሳስ ቀጭን አድርጎ ማንከባለል፣ ከዚያ ጣት ላይ መጠምጠም። ሳይሰነጠቅ ከተጠመጠመ ይሠራል። ከተቆራረጠ አሸዋው በዝቷል። ጣት ላይ ከተለጠፈና አልላቀቅ ካለ ደግሞ ሲደርቅ ያስቸግራል። ተማሪዎቼ ይህን ሙከራ ይወዱታል። ጌጥ ሳይሠሩ ቀለበት የሠሩ ይመስላቸዋል።

ከዚያ መውቀጥ፣ በወንፊት መንፋት፣ መዘፍዘፍ፣ ማጥለል አለ። አሰልቺ ነው፣ አላስረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ጭቃው ውስጥ ገል ይገባል። የተሰበረ ጀበና ወይም ማሰሮ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ዱቄቱ ከጭቃው ጋር ይቦካል። «የተሰበረ ነገር ለምን እንጨምራለን?» የማትለኝ የለችም። ገል አንዴ እሳት ስላየ ሁለተኛ አይኮማተርም። ጭቃው ዙሪያውን ሲጨማደድ እሱ አይነቃነቅም። በደቃቁ ቅንጣት መሃል ደግሞ ውሃው ተን ሆኖ የሚወጣበት መንገድ ይከፍታል። ሸክላ ሠሪዎቻችን ይህን ሳይንስ ብለው አልጠሩትም እንጂ ሲሠሩበት ነው የኖሩት።

አቦካኩ ላይ ሴቶቹ አይቸገሩም፣ ሊጥ የለመደ እጅ አላቸው። የሚያሳስታቸውም ያው እጃቸው ነው። ሊጥ ሲደርቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ጭቃ ላይ ግን ውሃ መጨመር መከራ መጥራት ነው። ጀማሪ ዶቃውን ታድቦለብላለች፤ ላዩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታያለች፤ ጣቷን ውሃ ውስጥ ትነክርና ትቀባዋለች። ስንጥቁ ጠፋ! ደስ ይላታል። ጠፍቶ ግን አይደለም፤ በላዩ ላይ አተላ ነው የለበሰው። ሲደርቅ እዚያው ቦታ ላይ ጠልቆ ይመጣል። እና እንደገና ትነክራለች። ጥቂት ቆይቶ እጇ ላይ ያለው ዶቃ ሳይሆን ሹሮ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ነገር የውሃ ሳህኑን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ነው። ያጉረመርማሉ። «ቲቸር፣ ትንሽ ብቻ!» አይሆንም። ስንጥቅ ካለ እንደገና አድቦልቡሉት። እንቢ ካለ ጣሉትና ሌላ ቁረሱ።

አሁን ዶቃው። ባቄላ የሚያክል ይሁን፤ ከዚያ ከተለቀ ለጀማሪ ውስጡ አይደርቅላትም። ከዚያ ካነሰ ደግሞ ስትበሳው ይጨፈለቃል። ሸክላ ከእርጥብነቱ ደርቆ፣ ተቃጥሎ እስኪወጣ ድረስ እንደ አፈሩ ዓይነት ከ100 እጅ 10 እጁ ገደማ ይቀንሳል። ዶቃው ብቻ አይደለም የሚያንሰው፣ ቀዳዳውም አብሮ ይጠባል። ክሩ ልክ የሚያልፍበት ቀዳዳ የበሳች ልጅ መጨረሻ ላይ ክር የማያልፍበት ዶቃ ነው የሚኖራት።

መብሻው ወስፌ ነው። ለስፌት የሚሆነው ሁሉ ለእኛም ይሆናል። የእያንዳንዳችን እናት ቤት ስላለ ግዙ አልላቸውም፣ አምጡ ነው የምላቸው። አበሳሱ ግን ወግ አለው። ዶቃው እንደተድቦለበለ አይበሳም። ጥቂት ጠጠር እስኪል፣ በጣት ሲነካ ምልክት እስከማይቀበል ድረስ ይቆያል። ከዚያ ወስፌው ሳይገፋ፣ እየተሽከረከረ ይገባል። ጫፉ በዚያኛው በኩል ብቅ ሊል ሲል ይቆማል። ይወጣና ከዚያኛው በኩል ይጀመራል። በአንድ ትንፋሽ ዘልቆ እንዲወጣ ከገፉት፣ መውጫው ላይ ጭቃው እንደ ከንፈር ተገልብጦ ይቀራል። ያ ከንፈር ከተቃጠለ በኋላ ምላጭ ነው። ክሩን ቀስ እያለ ይበላዋል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይ ታክሲ ውስጥ ሐብሉ ይበጠስና ዶቃው በሰው እግር ስር ይበተናል። ሐብል ተበጥሶባት የምትመጣ ካለች መጀመሪያ የማየው ክሩን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው።

ጌጡ ላይ የሚወጣውን ቅርጽ ለእነሱ እተወዋለሁ። ብቻ ትንንሽ የላሊበላ መስቀል ማተም በቃኝ፤ የቱሪስት ሱቁ ሁሉ እሱን ጠግቧል። ቤት ውስጥ ያለውን ነገር እንዲያዩ እገፋፋቸዋለሁ። አንዷ የአያቷን ሰፌድ ይዛ መጣች፤ ጭቃውን በስሱ ዳምጣ ሰፌዱ ላይ ተጫነችው። ሲነሳ የስንደዶው ዙር፣ የአክርማው ጥልፍ አንድ በአንድ ወጥቷል። ከዚያ ክብ ቆርጣ ጉትቻ አደረገችው። (አዎ፣ ዶቃዋን ጨርሳ ነው!) እስካሁን ተማሪዎቼ ከሠሩት ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። ሌላዋ ደግሞ ዶቃው ሊደርቅ ሲል ከወንዝ ባመጣችው ልስልስ ጠጠር እያሸች ያለ ቀለም፣ ያለ ቫርኒሽ አብለጨለጨችው። እሱም የሸክላ ሠሪዎች ዘዴ ነው። ማሸቱ ላዩ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቅንጣቶች ያስተኛቸዋል፤ ኃይለኛ ባልሆነ እሳት ከተቃጠለ ብልጭታው አይጠፋም።

ማድረቅ ላይ የእኛ አገር አየር የራሱ አመል አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐይዋ ትለበልባለች፣ ነፋሱ አያባራም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለ። ለእርጥብ ጭቃ ሁለቱም ጠላት ናቸው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዶቃ ላዩ ቶሎ ደርቆ ይጠባል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ አይጠብም፤ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ውጭ ያደረ ደግሞ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ይጨምርና ጭቃውን ከውስጥ ይገነጣጥለዋል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ ፌስታል ገርበብ አድርጎ ማልበስ፣ በየመሃሉ ማገላበጥ። ሌላ ጥበብ የለውም። ፀጉር ማድረቂያ ይዛ የመጣች ነበረች። ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ያስቀመጠ ጎረምሳም ነበረ። የሆነውን መገመት ትችላላችሁ።

መድረቁን በምን ታውቃለህ ለሚል፣ በጉንጭ ነው። ዶቃውን ጉንጭህ ላይ አስደግፈው። ከቀዘቀዘህ ውሃ እየተነነ ነው፣ ገና ነው። አልቀዘቀዘህም? ለእሳት ደርሷል። ይህን ያስተማሩኝ አሁን ወደ እሳቸው የምወስዳችሁ ሴትዮ ናቸው።

ከእሳቸው በፊት ግን የአንዷን ተማሪዬን እናት ላውራችሁ። ልጅቷ ባንክ ነው የምትሠራው። ቤት ውስጥ እጇን ጭቃ አድርጋ ስታድቦለብል እናትየው አይተዋታል። ደወሉልኝ። ሰላምታው ረጅም ነበር፣ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ሁሉን ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን ያን ያህል ያስተማርኳት ሸክላ ሠሪ እንድትሆን ነው እንዴ?» አሉኝ። ኧረ አይደለም እማማ፣ የጆሮ ጌጥ ነው የምንሠራው አልኳቸው። «እሰይ! እንደሱ በይኛ!» ብለው ተነፈሱ። መርቀውኝ ዘጉ።

እፎይታቸው ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ክፉ ሴት አይደሉም። የተናገሩትም አብዛኛው የአገሬ ሰው በሆዱ የሚያስበውን ነው። አፈሩ ያው አፈር፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። ጆሮ ላይ ሲወጣ ጌጥ ይባላል፣ አርት ይባላል፣ ኢንስታግራም ላይ ይለጠፋል። ምድጃ ላይ ሲቀመጥ ግን የሠራው ሰው ስም የለውም፤ ካለውም ስድብ ነው። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ባለእጅ፣ ሌላም ሌላም። በልጅነታችን «ሸክላ ሻጯ ስታልፍ ምግብ ሸፍኑ» የተባልን ብዙ ነን። ጀበናዋን ግን ገዝተን ቡናችንን በቀን ሦስቴ እናፈላበታለን። ዓይኗን የፈራነው ሴት እጅ የነካውን ነገር ከንፈራችን ድረስ ማምጣቱ አላስፈራንም።

ነገሩ የቆየ ነው፣ የተወገዘውም ከቆየ ነው። አፄ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው፣ በ1836 ዓ.ም.። እሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ የእጅ ሥራ የሚሠራው ሁሉ እንዳይሰደብ። ከዚያ ወዲህ 100 ዓመት አልፏል። ስድቡ ገበያ መሃል እንደ ድሮው አይጮህም፤ ግን ጋብቻ ሲነሳ ዘር ይቆጠራል። አዲስ አበባ ቀጨኔ ሸክላ ከሚሠሩት ሴቶች መካከል የዘር ሐረጋቸውን ወደ ሰሜን ሸዋ የሚመልሱ አሉ። ቤታቸው ጌጥና ጀበና ለመግዛት የሚሄደው የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ነው። እነሱን ቤቱ የሚጋብዘው ምን ያህል እንደሆነ እናንተ ገምቱ።

ታዲያ የእኔ ትምህርት አንድ ግዴታ አለው። ዶቃው የሚቃጠለው ሸክላ ሠሪዋ ግቢ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ እቶን መግዛት ይቻላል፤ ምከሩኝ ብልም የምትመክሩኝ እሱን ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ባይኖር እንኳ አልገዛም። ምክንያቱም ያን ጊዜ ተማሪዎቼ ሸክላ ከዩቲዩብ የመጣ ነገር ይመስላቸዋል።

ሴትዮዋ ከከተማው ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ስማቸውን አልጽፍም፣ ለምን እንደማልጽፍ ኋላ ላይ ትሰማላችሁ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ቡና አፈሉልን። ሲኒው ዞሮ አንዷ ጋ ሲደርስ ልጅቷ «ቡና አልጠጣም» አለች። የእኔ ቤት ሦስተኛውን ሲኒ ለምና የምትጠጣ ልጅ ናት! ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። አልተቆጡም። «ጠጪ ልጄ፣ ጀበናውን እኔ ነኝ የሠራሁት። ቤትሽ ያለውንም እኔው ነኝ የሠራሁት» አሏት። ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ተቀብላ ጠጣች። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን።

አስተማሪነታቸው ከእኔ ጋር አይገናኝም። እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው አያወሩም። የተማሪዋን ዶቃ ያነሱና መዳፋቸው ላይ አንዴ ያዞሩታል። ካልጣማቸው ለብቻ ያስቀምጡታል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ «ይሄ ይጮሃል» ይላሉ። እሳት ውስጥ ይፈነዳል ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ ለመሞከር ብለው ለብቻ የተቀመጡትን ደብቀው ከሌሎቹ ጋር ጨመሯቸው። ጮሁ። አንድም ሳይቀር ባይሆንም አብዛኞቹ ጮሁ። እኔ ለዚህ መለኪያ የለኝም። ምናልባት ክብደቱ ነው፣ ምናልባት ቅዝቃዜው። እጃቸው ያውቀዋል።

እሳቱ የሚነደው አመሻሽ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ለፎቶ ስለሚያምር ይመስላቸዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሸክላ ሙቀቱ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ የሚናገረው በቀለሙ ነው። የጋለ ነገር ደብዘዝ ያለ ቅላት ማሳየት የሚጀምረው ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ አለፍ ሲል ነው፣ ያንን ቅላት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ማየት አይቻልም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ምሽትን ነው የሚጠብቀው።

ዶቃዎቹ አመድ ውስጥ እንዳይጠፉ ከተሰበረ ማሰሮ ውስጥ ይደረጋሉ። ማሰሮው ቶሎ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ዳር ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ትዕግሥት የምታልቀው እዚህ ላይ ነው። በጉንጭ ደርቋል የተባለ ዶቃም ውስጡ ጥቂት እርጥበት አያጣም። እርጥበቱ በአንዴ ተን ከሆነ መውጫ ያጣና ዶቃውን በርቅሶ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚያፈነዳው የታፈነ አየር ነው ይላል። አየሩ ብቻውን ያን ያህል አቅም የለውም፣ ጥፋተኛው ውሃው ነው። ከውጭ የመጡ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች «ከ100 ዲግሪ በታች ለረጅም ሰዓት አቆዩት» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ከፍታው ስለሚለይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቪዲዮው ምክር 95 ላይ ያቆየ ሰው ዶቃውን እየቀቀለው ነው።

ከዚያ ኩበቱ ይደረደራል። ኩበት ደጉ ነገሩ ነበልባሉ የተረጋጋ ነው፤ ሳይቸኩል እኩል ያግላል። መጨረሻ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይጨመርበታል። ያ ቦግ ይላል፣ ሽታው መንደሩን ያዳርሳል። «ስንት ሰዓት ይቆይ?» ብለው ተማሪዎቹ ማስታወሻቸውን ይዘው ይጠይቃሉ። «እስኪበቃው» ይሏቸዋል። ይጽፉታል ደግሞ!

ጥቁር ዶቃ የሚፈልጉ ጥድፊያው እዚህ ላይ ነው። ማሰሮው ገና ቀይ እንደሆነ ጥቂቱን በእንጨት እየጎተቱ ገለባ ክምር ውስጥ ይወረውሩታል፣ ወዲያው በሌላ ማሰሮ ይደፍኑታል። ጭሱ በየጠርዙ ይፈልቃል። ሸክላን የሚያቀላው ውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። አየር ሲነፈገውና ጭስ ሲጠጣ ይጠቁራል። የጀበና ጥቁረትም በቀለም የመጣ አይደለም። ባቄላ የሚያክል ነገር ስለሆነ ድንገተኛውን የሙቀት ለውጥ ይችለዋል። ተለቅ ያለ ዕቃ በዚህ መንገድ ቢወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጀማሪ አይሞክረው። ቀይ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ደግሞ አመዱ ውስጥ እስኪነጋ ይተዋል።

ጠዋት ላይ ፈተና አለ። ከእያንዳንዷ ሥራ አንዳንድ ዶቃ ውሃ ውስጥ ይጣላል። በደንብ የተቃጠለ ሸክላ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሟሟም። ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መሃል ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ የኖረው ውሃ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ጭቃነት መመለስ የለም። እዚያ ያልደረሰው ግን ብርጭቆው ስር ተንዶ ይገኛል። ጨክኜ የማደርገው ፈተና ነው። ጉትቻዋ ዝናብ ላይ ከሚሟሟባት፣ ዶቃዋ ብርጭቆ ውስጥ ቢሟሟባት ይሻላል።

ስለ ፖሊመር ክሌይ ሁልጊዜ ስለምትጠይቁኝ እዚህ ጋ ጨርሼ ልለፍ። ስሙ ክሌይ ይባል እንጂ አፈር የለውም፣ ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ከማለስለሻ ጋር። ኦቭን ውስጥ እንደየዓይነቱ ከ110 እስከ 150 ዲግሪ ሆኖ ይጠነክራል፤ አይፈነዳም፣ ቀለሙም የተዘጋጀ ነው። ያምራል፣ ለአፓርታማ ኑሮም ይመቻል። የሚሠራበትን አልነቅፍም። ብቻ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሙቀት አታሳልፉት፣ ካረረ ጭሱ መርዛም ነው። የተጠቀማችሁበትን ትሪ ደግሞ ዳቦ አትጋግሩበት። ሳይቃጠል በአየር የሚደርቀው ክሌይ ለልጆች ጨዋታ ጥሩ ነው። ውሃ ሲነካው ይፈርሳል፣ ለጌጥ አልመክረውም።

ወደ ክሩ ስንመጣ ሁሉም ሰው ናይለን ነው የሚያስበው። ይሆናል። እኔ ግን የመንዝ በግ ጥቁር ሱፍ የተፈተለ ሳገኝ ሌላ አላይም። ሸካራ ነው፣ ዶቃው አይንሸራተትበትም፤ በዶቃና በዶቃ መሃል ቋጠሮ ሲደረግበት ቋጠሮውም ራሱ ጌጥ ይሆናል። አንገት የሚያሳክከው ሰው አለ፣ ለእሱ ጥጥ በሰም አሽቶ መጠቀም ነው። የጉትቻ ማንጠልጠያ ስትገዙ ርካሹን አትዩ። ብዙዎቹ ኒኬል አለባቸው፤ ኒኬል የማይስማማው ጆሮ ይቆጣል፣ ውሃ ያዣል። ሴትየዋ ደግሞ ሸክላው ነው ያሳከከኝ ብላ ትሄዳለች። የማይዝግ ብረት ጠይቁ። ክብደቱን ደግሞ ሚዛን ላይ እዩት። እኔ አንዱ ጉትቻ ከ10 ግራም ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሠርግ ላይ አድርጋው ሄዳ ቅልቅሉ ሳይጀመር ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተው ጉትቻ ምን ይጠቅማታል?

የቀረው ዋጋው ነው፤ የሚያጣላንም እሱ ነው። ተማሪዎቼ መሸጥ ሲጀምሩ ያፍራሉ። ገዢዋ «ጭቃ አይደል እንዴ!» ስትላቸው በግማሽ ይቀንሱላታል። እኔ ወረቀት አውጥቼ አስደምራቸዋለሁ። አፈር፣ ኩበት፣ ማንጠልጠያ፣ ትራንስፖርት፣ ሰዓታቸው፣ የሸክላ ሠሪዋ ድርሻ። ከዚያ የተሰበረው። የተሰበረውን የማይደምር ሰው ሦስተኛው ወር ላይ ይከስራል። እሳት ድርሻውን ሳይወስድ አያልፍም፣ ያንን ድርሻ መክፈል ያለባት ደግሞ ጉትቻዋን የምታደርገዋ ናት።

የሸክላ ሠሪዋን ድርሻ በተመለከተ አንድ ሐሳብ ነበረኝ፣ በጣም የኮራሁበት። ባዛር ላይ ስናቀርብ እያንዳንዱ ጌጥ ላይ ትንሽ ካርድ እናንጠልጥል፤ ካርዱ ላይ የሠራችው ልጅ ስም ይጻፍ፣ ከሥሩ ደግሞ በማን እሳት እንደተቃጠለ የሴትዮዋ ስም ይጻፍ። በአደባባይ፣ በክብር። ናሙናውን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አነበቡት። አገላብጠው የካርዱን ጀርባም አዩት።

«ስሜን ምን ያደርግላችኋል?» አሉኝ።

እንዲታወቁ ነዋ፣ ሰው ሙያዎን እንዲያከብር አልኳቸው።

«እኔ መች ጠፋሁ፣ ሲሰድቡኝ የኖሩት እኮ ስለሚያውቁኝ ነው» አሉና ካርዱን መለሱልኝ። «ስሜን ተይውና ዋጋዬን ጨምሪ።»

ተከራከርኩ። አልተሸነፉም። ልጃቸው ከተማ ሥራ ይዛለች፣ እናቷ ማን እንደሆኑ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ማውራት አትፈልግም፤ ይህንንም ኋላ ላይ ነው የሰማሁት። እኔ አደባባይ ላይ ክብር ሳድል፣ የክብሩን ዕዳ የምትከፍለው ሌላ ሰው ነበረች። ካርዱ ቀርቷል። ስለዚህ ነው እዚህም ስማቸውን ያልጻፍኩት።

ዋጋቸው ግን ጨምሯል። ድሮ በአንድ እሳት ነበር የምከፍላቸው፣ ማሰሮው ውስጥ ምንም ያህል ዶቃ ይግባ። አሁን በዶቃ ሆኗል። እሳት ከመግባቱ በፊት ይቆጥሩታል፤ የሚጮኸውንም ጨምረው።